ዝገት አይደለም፤ ሐምራዊውም ቀለም ምስክር አይሆንም

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል። ሰሞኑን የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ በስልካቸው ይዘው መጥተው «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ። ጽሑፉ በሕዋሳችን ውስጥ ስላሉት የብረትና የሰልፈር ዘለላዎች፣ ማለትም ክላስተሮች፣ አፈራረስ የሚያወራ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እንዲህ ያለ ርዕስ በራሳችን ቋንቋ ተጽፎ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ደስ ብሎኝ ጀመርኩት፤ እየገፋሁ ስሄድ ግን አሳሰበኝ።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ አጎቴ ከእነዋሪ ደወለ። «ልጁ ከስልኩ አንድ ነገር አነበበልኝ፤ ዘንድሮ ለባቄላው ቦይ አታውጣ ይላል። አንተ ተምረሃል፣ ምን ትላለህ?» አለኝ። ነገሩ ከክፍል ወጥቶ ማሳ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሣኝ እሱ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ የብረት-ሰልፈር ዘለላ ሲፈርስ የሚሆነው ነገር ዝገት ነው፤ ሁሉም ዘለላዎች የሚፈርሱት በአንድ መንገድ፣ ሐምራዊ ቀለም ባለው ቀጥ ያለ የሦስት ብረት ቅርጽ አልፈው ነው፤ አንዴ የፈረሰ አይመለስም፤ መፍትሔው ብረት አብዝቶ መውሰድ ነው፤ ባቄላም አየር በማይደርሰው፣ ውኃ በያዘ መሬት ቢዘራ ይሻለዋል። በየተራ እመጣባቸዋለሁ። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉ አልጠራጠርም፤ የተሳሳቱትንም ቢሆን ከየት እንዳገኙት ይገባኛል።

መጀመሪያ ዘለላው ራሱ ምን እንደሚመስል እንይ። በብዛት የሚገኘው ባለአራት ብረትና ባለአራት ሰልፈሩ ነው። ስምንት ማዕዘን ያላት በጣም ትንሽ ሳጥን አስቡ፤ በማዕዘኖቿ ላይ ብረትና ሰልፈር ተፈራርቀው ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ብረት በሦስት እጁ የሳጥኑን ሰልፈሮች ይይዛል፤ አራተኛ እጁን ደግሞ ፕሮቲኑ ይይዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ በራሱ ሰልፈር ነው። ሁለት ብረትና ሁለት ሰልፈር ብቻ ያለው አነስተኛ ዘለላም አለ። እነዚህ ነገሮች ሩቅ አይደሉም። በማይቶኮንድሪያችን ውስጥ የመጀመሪያው የአተነፋፈስ ኮምፕሌክስ ብቻውን ስምንት ዘለላ ይዟል፤ የበላነው ምግብ ኤሌክትሮን በእነሱ ላይ እየተሻገረ ወደ ኦክስጅን ይደርሳል።

አሁን ወደ ዝገቱ ልግባ። ጸሐፊው «ሚስማር ውጭ ሲያድር እንደሚዝገው፣ ዘለላውም ኦክስጅን ሲያገኘው ይዝጋል» ብለዋል። ምሳሌው ለጆሮ ይጥማል፤ ኬሚስትሪው ግን ሌላ ነው። ሚስማር ላይ ያለው ብረት ኤሌክትሮኑን ገና ያልሰጠ ብረት ነው። ዝገት ማለት ያ ብረት በውኃና በኦክስጅን ፊት ኤሌክትሮኑን አጥቶ ውኃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ ሲሆን ነው። ዘለላ ውስጥ ያለው ብረት ግን ከመጀመሪያውም አዮን ነው። በተለመደው ባለአራት ብረት ዘለላ ውስጥ፣ በሂሳብ ብንቆጥረው፣ ሁለቱ ብረቶች ባለ2 ፖዘቲቭ፣ ሁለቱ ባለ3 ፖዘቲቭ ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቻቸውን በጋራ ይይዛሉ። ኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል፣ ማለትም ኦክሲዴሽንና ሪዳክሽን፣ የዘለላዎቹ የዘወትር ሥራ ነው። ፌሬዶክሲን የሚባለው ፕሮቲን ኤሌክትሮን ሲቀበልና ሲያስረክብ ይኖራል፤ ዘለላው አይፈርስም። ኦክሲዴሽን ሁሉ ዝገት ቢሆን ኖሮ ፌሬዶክሲን ሥራ በጀመረበት ቅጽበት ያልቅለት ነበር።

ከዚህም የሚብስ ምሳሌ አለ። በብርሃን በሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ውስጥ ከፍተኛ ፖቴንሽያል ያላቸው የብረት-ሰልፈር ፕሮቲኖች አሉ። የእነሱ ዘለላ ከተለመደው ደረጃ አንድ ኤሌክትሮን አጥቶም ሙሉ ሆኖ ይቆያል። አኮኒቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ዘለላ ደግሞ ያችኑ አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ አንዱን ብረት ይጥላል። ሳጥኑ አንድ ዓይነት፣ ያጣው ኤሌክትሮን አንድ ዓይነት፣ ዕጣው ግን የተለያየ። ልዩነቱ ቤቱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ፕሮቲን ዘለላው ውኃ በቀላሉ በማይደርስበት ጥልቀት ተቀብሯል፤ አራቱም ብረቶች በሲስቲን ተይዘዋል። አኮኒቴዝ ውስጥ ግን ሦስቱ ብረቶች ብቻ ናቸው ሲስቲን ያላቸው። አራተኛው ብረት የተያዘው በውኃ ነው፤ ምክንያቱም ኢንዛይሙ የሚለውጠው ሲትሬት መጥቶ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ለሥራ ሲባል ክፍት የተተወው ብረት ነው ቀድሞ የሚወጣው።

የመንዝን የድንጋይ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግድግዳው ሲናድ ድንጋዩ በስብሶ አይደለም። ክዳኑ ተከፍቶ ዝናብ ጭቃውን ሲያጥበው፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው ድንጋይ መጀመሪያ ይወርዳል።

ደግሞም ከአኮኒቴዝ የሚወጣው ብረት ምን ዓይነት ነው? ባለ2 ፖዘቲቩ ነው። ዝገት ውስጥ ያለው ብረት ባለ3 ፖዘቲቭ መሆኑን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ከዘለላው የወጣው ብረት ገና ያልዛገው ብረት ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ወደዚህ ስለ ብረት እንክብል ስናወራ እመለሳለሁ።

ዘለላን የሚያፈርሰው ኦክስጅን ብቻ እንዳልሆነም መጨመር አለብኝ፤ ጽሑፉ ሌሎቹን ጨርሶ አላነሣቸውም። ሱፐርኦክሳይድ፣ ማለትም አንድ ኤሌክትሮን የጨመረ ኦክስጅን፣ አለ፤ ከተራው ኦክስጅን ይልቅ እንደ አኮኒቴዝ ያሉትን ኢንዛይሞች እጅግ በፍጥነት ይመታል። ናይትሪክ ኦክሳይድ አለ፤ የሰውነታችን ማክሮፋጆች ወራሪን ለመግደል ያመነጩታል፤ ብረቱን ከዘለላው ነጥሎ ሁለት የናይትሪክ ኦክሳይድ ሞሌኪውሎች ያቅፉታል። መዳብ አለ፤ በ2009 በኢ ኮላይ ባክቴሪያ ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መዳብ ሲበዛ ቀድመው የሚጎዱት እንዲህ ክፍት ብረት ያላቸው ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኦክስጅን በሌለበትም ጭምር። ኦክስጅን በሌለበት ምን ዓይነት ዝገት ሊኖር ነው? አሲድም አለ። አሲድ ሲጨመር የዘለላው ሰልፈር ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል፤ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ማለት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች እነዚህ ፕሮቲኖች ከአሚኖ አሲዶቻቸው ሰልፈር ሌላ በአሲድ የሚለቀቅ ሰልፈር እንዳላቸው ለማወቅ የረዳቸው ይኸው ባሕርይ ነው። ፌሬዶክሲን የሚለው ስምም የተሰጠው በ1962 ነው።

አሁን ወደ ሐምራዊው ቀለም። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ዝም ብለው ያመጡት ነገር አይደለም። ሳይንቲስቶችም አንድ ጊዜ ይህንኑ ወደ ማመን አዘንብለው ነበር።

ጸሐፊው «ዘለላው ሲፈርስ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሐምራዊውም ሦስት ብረት በቀጥታ መስመር መሰለፋቸውን ያረጋግጣል» ብለዋል። የዚህ አባባል ሥር እውነት ነው። በ1984 ኬኔዲ፣ ባይነርትና ሌሎች ተመራማሪዎች አኮኒቴዝን ከ9.5 በላይ ፒኤች (የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ) ባለው፣ ማለትም ቤዝነቱ ከፍ ባለ ሙሙት ውስጥ ሲያስቀምጡት ሐምራዊ ሆነ። ሲመረምሩትም ሳጥኑ ተከፍቶ ሦስቱ ብረቶች በሰልፈር እየተያያዙ በአንድ መስመር ተሰልፈው አገኙ። ይህ በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ አልከራከርበትም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙቀት በሚወዱ ረቂቅ ተሕዋስያን ፌሬዶክሲኖች ላይ ሲሠሩ ተመሳሳይ ነገር አዩ። እነዚህ ፕሮቲኖች በጣም ጽኑ ስለሆኑ ታጥፈው የያዙትን ቅርጽ ለማስፈታት ከፍተኛ ፒኤች ያስፈልጋል። በዚያ ፒኤች ላይ ፕሮቲኑ ቀስ እያለ ሲፈታ ሙሙቱ ቀለም ይለውጣል፤ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚመጥጥ በሚያሳየው ግራፍ ላይም አዳዲስ ጉብታዎች ብቅ ይላሉ። ጉብታዎቹ የሐምራዊውን አኮኒቴዝ ጉብታዎች ይመስሉ ነበር። ስለዚህ «ፌሬዶክሲኑም ሲፈርስ በመስመራዊው የሦስት ብረት ቅርጽ ያልፋል» ተባለ። ከዚያም «ምናልባት ይህ የዘለላዎች ሁሉ የመፍረሻ ጎዳና ነው» ወደሚል ግምት አደገ። ጸሐፊው የቆሙት እዚህ ጋ ነው። ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም።

በ2005 ፖርቱጋል ውስጥ ሌያልና ጎሜሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ግምቱን በቀጥታ ፈተኑት። የሠሩት ሥራ በጣም ቀላል አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው፤ ለተማሪዎቼ ባስረዳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጉብታዎቹ በእርግጥ የተሰለፉት የሦስቱ ብረቶች ምልክት ከሆኑ፣ መታየት ያለባቸው ዘለላ ባለው ፕሮቲን ላይ ብቻ ነው። እነሱ ግን የተለያዩ ፕሮቲኖችን ወሰዱ፤ የብረት-ሰልፈር ዘለላ ያላቸውን፣ ከዘለላው ጋር ፍላቪን የሚባል ረዳት ሞሌኪውል የያዙትን፣ እንዲሁም ሁለት ብረት ብቻ ኖሯቸው የዘለላ ሰልፈር የሌላቸውን። ሁሉንም በፒኤች 10 አፈረሷቸው፤ አንዳንዴ ከውጭ ሰልፋይድ ጨምረው፣ አንዳንዴ ሳይጨምሩ። በእነዚህ የተለያዩ ፕሮቲኖች ላይ በ530 እና በ620 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት አካባቢ ያው ጉብታ ወጣ። ብረቱ በምን ፍጥነት እንደሚለቀቅና ፕሮቲኑ በምን ፍጥነት እንደሚፈታም ለኩ። መደምደሚያቸው ግልጽ ነበር፦ ቀለሙ የመጣው ከፈረሰው ዘለላ የወጣው ብረትና ሰልፋይድ በቤዙ ውስጥ ተገናኝተው የብረት ሰልፋይድ ስለሠሩ ነው። በፕሮቲኑ ውስጥ ተሰልፎ የቆመ ሦስት ብረት አልነበረም።

ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው አባባል ዘለላው በፕሮቲኑ ውስጥ እንዳለ ቅርጹን እየለወጠ በደረጃ ይፈርሳል ይላል። ሁለተኛው ያየነው ቀለም ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ የተከመረ ፍርስራሽ ነው ይላል። ፍርስራሹን አይቶ «ቤቱ ሲፈርስ እንዲህ ነበር» ማለት አይቻልም።

የትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም የብርሃን አመጣጥ መለኪያ፣ የለውም። ያለውን ይዤ ግን አንድ ነገር አሳየኋቸው። በአንድ ቴስት ቲዩብ ውስጥ ቀጠን ያለ የፌረስ ሰልፌት (ባለ2 ፖዘቲቭ ብረት ያለበት ጨው) ሙሙት አደረግሁ፤ በሌላው ሶዲየም ሰልፋይድ። መስኮቱን ሁሉ ከፍተን፣ አሲድ የሚባል ነገር ከጠረጴዛው አርቄ፣ ከሁለተኛው በጠብታ መለኪያ ወደ መጀመሪያው ጠብ አደረግሁ። ፈዛዛ የነበረው ሙሙት ወዲያው ጠቆረ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ቲቸር፣ ፕሮቲኑ የታለ?» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ፕሮቲን የለም፤ ዘለላ የለም፤ ቀለሙ ግን አለ። በእርግጥ ይህ የእነሌያልን ሙከራ አይተካም፤ ጉብታዎቹንም አላየንም። ብረትና ሰልፋይድ ያለ ማንም እርዳታ ብርሃን የሚመጥጥ ነገር እንደሚሠሩ ግን በዓይናችን አየን።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፒኤች 10 በሕዋስ ውስጥ የለም። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ፒኤች ወደ 7 ይጠጋል፤ በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ከፍ ቢልም 8 አካባቢ ነው። የአኮኒቴዝ ሐምራዊ ቅርጽ እውነት ቢሆንም፣ ሰውነታችን ውስጥ የመፍረሻ መንገድ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሦስት ብረት ያለው ዘለላ ሁሉ የተሰበረ ዘለላ አይደለም። የአተነፋፈስ ሰንሰለት አካል የሆነው ሰክሲኔት ዲሃይድሮጅኔዝ ከሦስቱ ዘለላዎቹ አንዱ ባለሦስት ብረት ነው፤ አንድ ማዕዘኗ የጎደለ ሳጥን። ጤነኛ ነው፤ ሥራውንም የሚሠራው እንዲሁ ሆኖ ነው። ጸሐፊው «ሦስት ብረት ካያችሁ ሞት ጀምሯል» ያሉት በየቀኑ በምንተነፍስበት ፕሮቲን ላይ አይሠራም።

«አንዴ የፈረሰ አይመለስም» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ማስረጃው ብዙ ነው። አንድ ብረት ያጣ አኮኒቴዝ ባለ2 ፖዘቲቭ ብረትና ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ሲያገኝ እንደገና ሥራ ይጀምራል፤ ይህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በላቦራቶሪ ታይቷል። ሕይወት ባለው ባክቴሪያ ውስጥም ጥገናው በደቂቃዎች ውስጥ ይካሄዳል። ከባዶ የሚገነቡም አሉ፤ አይኤስሲ የሚባለው ሥርዓት በሰላሙ ጊዜ ይሠራል፤ በኢ ኮላይ ውስጥ ብረት ሲያጥር ወይም ሱፐርኦክሳይድና መሰሎቹ ሲበረቱ ኤስዩኤፍ የሚባለው ይረከባል።

መፍረሱ ራሱ መልእክት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ኢ ኮላይ ኤፍኤንአር የሚባል ፕሮቲን አለው። ኦክስጅን ሲመጣ ባለአራት ብረት ዘለላው ወደ ባለሁለት ይወርዳል፤ ተጣምረው የነበሩት ሁለቱ ፕሮቲኖች ይለያያሉ፤ ዲኤንኤውን ይለቃሉ፤ ባክቴሪያው አየር መምጣቱን በዚህ ያውቃል። በእኛ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ከማይቶኮንድሪያ ውጭ ያለው አኮኒቴዝ ዘለላው ሲኖር ኢንዛይም ነው፤ ዘለላው ሲጠፋ ሥራ ለውጦ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ይቀመጣል፤ ብረት የሚያከማቸው ፌሪቲን እንዳይመረት ይከለክላል፤ ብረት የሚያስገባው የትራንስፈሪን ተቀባይ እንዲበዛ ያደርጋል። ያልነበረው ዘለላ ስለ ብረት እጥረት ይናገራል ማለት ነው። ይህን ሁሉ «ሞት» ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

የብረት እንክብሉ ጉዳይ ግን ሰው የሚጎዳ ነገር ስላለበት ረጋ ብዬ ልናገር። በደም ማነስ ምክንያት፣ በተለይ በእርግዝና ጊዜ፣ ሐኪም ያዘዘውን የብረት እንክብል ማንም በእኔ ጽሑፍ ምክንያት እንዳያቋርጥ። ያ ትክክለኛ ሕክምና ነው። የማልቀበለው «ዘለላዎቻችሁ እንዳይፈርሱ በራሳችሁ ብረት አብዝታችሁ ውሰዱ» የሚለውን ነው። ቅድም ከአኮኒቴዝ የወጣው ባለ2 ፖዘቲቭ ብረት ወዴት እንደሚሄድ እንመልከት። ሱፐርኦክሳይድ ዘለላውን ሲመታ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም አብሮ ይወጣል። እነዚህ ሁለቱ፣ ብረቱና ፐሮክሳይዱ፣ ሲገናኙ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይሠራሉ። ፌንተን በ1894 የገለጸው ኬሚስትሪ ነው። ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ዲኤንኤን ጨምሮ። በ1996 በኢ ኮላይ ላይ የታተመ ሥራ ሱፐርኦክሳይድ ዲኤንኤ ላይ ጉዳት የሚያበዛው ይህን ልቅ ብረት በመጨመር መሆኑን አሳይቷል። የተጎዳ ዘለላ ባለበት ሕዋስ ውስጥ ችግሩ የብረት ማነስ አይደለም፤ ብረቱ ያለ ቦታው መገኘቱ ነው።

በሰው ላይ የሚታይ ማስረጃም አለ። ፍሬድራይክ አታክሲያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ልጆች እየቆዩ ሲሄዱ አረማመዳቸው ይዛባል፤ ልባቸውም ይጎዳል። በ1996 ዘረመሉ ሲገኝ፣ የጎደለው ፍራታክሲን የሚባል ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ፤ ይህ ፕሮቲን በዘለላ ግንባታ የሚረዳ ነው። በነዚህ ሕሙማን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ዘለላ ያንሳል፤ ብረት ግን ይከማቻል። ብረት ሞልቶ ዘለላ ሲጠፋ እያየን «ብረት ጨምሩ» ማለት፣ ድንጋይ በደጅ ተከምሮ ግንበኛ የጠፋበትን ሰው ድንጋይ አምጣ እንደማለት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ባቄላው ነው፤ አጎቴን ያሳሰበው፣ እኔንም ብዕር ያስነሣኝ።

ጸሐፊው የተነሡት ከእውነት ነው። በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሉ ወደሚሆን አሞንያ የሚለውጠው ናይትሮጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙም ከብረት-ሰልፈር ፕሮቲኖች ሁሉ በአየር በጣም ከሚጎዱት አንዱ ነው። ከሁለቱ ክፍሎቹ አንዱ፣ የብረት ፕሮቲን የሚባለው፣ ነጥሮ ወጥቶ አየር ላይ ሲቀመጥ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ግማሽ አቅሙን ያጣል። ሞሊብዲነም ያለበት ሁለተኛው ክፍል ወደ 10 ደቂቃ ይቆያል። ለምን ይህን ያህል ይለያያሉ? እዚህም መልሱ የቤቱ ነው። የብረት ፕሮቲኑ ዘለላ በሁለት አንድ ዓይነት ክፍሎች መጋጠሚያ ላይ፣ ከእያንዳንዳቸው በሁለት ሲስቲን ተይዞ፣ ለውኃው ተጋልጦ ይቀመጣል። የሌላኛው ዘለላዎች ጠልቀው ተቀብረዋል።

ከዚህ እውነት ተነሥተው ግን «ስለዚህ ባቄላ አየር በሌለበት፣ ውኃ በያዘ መሬት ይዘራ፤ ቦይ ማውጣት ናይትሮጅኔዙን ማጋለጥ ነው» አሉ። ይህ ሰውን ምርት የሚያሳጣ ስሕተት ነው። ናይትሮጅኔዝ አንድ የናይትሮጅን ሞሌኪውል ለመስበር 16 ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ የኃይል ሞሌኪውል፣ ይፈልጋል። ያንን ኤቲፒ ባክቴሪያው የሚያገኘው በመተንፈስ ነው፤ ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። አየር የጠፋበት እባጭ ናይትሮጅኔዙ ሳይፈርስ በረሃብ ሥራ ያቆማል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጭበት ፍጥነት በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል፤ ውኃ የተኛበት ጥቁር አፈር ውስጥ ሥሩ የሚደርሰው ኦክስጅን ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ገምቱ።

ተክሉ ራሱ ለዚህ ጣጣ መላ አለው። እባጩ ኦክስጅንን የሚያዘገይ ጥቅጥቅ ያለ የውጭ ግድግዳ አለው፤ በውስጡ ደግሞ ሌግሄሞግሎቢን የሚባል ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ይዟል። ይህ ፕሮቲን ኦክስጅኑን አንቆ ይዞ ለባክቴሪያው በልክ ያድላል፤ ልቅ ሆኖ የሚዞረው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ ለአተነፋፈሱ የሚደርሰው ግን ይበቃል። ናይትሮጅኔዙን ከአየር የሚጠብቀው እባጩ ነው፤ ገበሬው መሬቱን በውኃ በማፈን እንዲያግዘው አልተጠየቀም።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ከተማሪዎች ጋር ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ማሳ አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ነቅለን፣ ጭቃውን አራግፈን፣ እባጩን በምላጭ ለሁለት ከፈልነው። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ሮዝ ነበር። አንዱ ልጅ «ይሄ ነው የብረት-ሰልፈሩ?» አለኝ። አይደለም። ሮዙ የሌግሄሞግሎቢኑ ሄም ነው፤ እሱም ብረት አለው፤ ብረቱ ግን የተያዘው በሌላ መንገድ ነው፤ የዘለላ ሰልፈር የለውም። የናይትሮጅኔዝ ቀለም ቡናማ ነው፤ ከሮዙ ሥር ተሸፍኖ አይታይም። ወሬ ይዘን ጥቂት እንደቆየን የተከፈተው ፊት መጠውለግና ወደ ቡናማ መሄድ ጀመረ። በዚያች አጭር ጊዜ ዓይናችን ያላየው ናይትሮጅኔዝም ከእሱ ጋር እየተበላሸ ነበር።

በሞረትና ጅሩ ጥቁር መሬት ላይ ሰዉ ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እየሳበ መደብና ቦይ ሲያወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃ ካልተጠነፈፈ ሥሩ ይጠቁራል፤ ይበሰብሳል፤ እባጩም አብሮ ይሄዳል። ቢቢኤም የሚባለው ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ ማረሻም ለዚሁ ሥራ የመጣ ነው። ጸሐፊውን የምለምነው፣ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ቢተዉት እንኳ፣ ስለ ባቄላው የጻፉትን አንቀጽ ሰኔ ሳይገባ እንዲያነሡት ነው። ጽሑፋቸው የሚነበበው በከተማ ብቻ አይደለም።

አጎቴን ቦይህን አውጣ አልኩት። «እሺ፤ ታዲያ ውስጡ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?» አለኝ። አበባ ሲይዝ ከማሳው ሦስት አራት ቦታ አንድ አንድ ተክል በመቆፈሪያ አንሣ፤ አትጎትተው፤ እባጩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ለሁለት ቁረጠው። ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አቁሟል። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም የማይሠራ ነው። ቶሎ እየው ደግሞ፤ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ አይጠብቅህም አልኩት።